የሊቀመንበሩ ካፖርት

ቂመኛ ነኝ። ቀድሜ ልናገረው፣ በኋላ ማንም እንዳይታዘበኝ። የቀበሌያችን የድሮ ሊቀመንበር የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ፤ የሰፈር ሰው ነውና መቅረት አይሆንም። ንፍሮዬን ቆርጥሜ ከዳር ተቀመጥኩ። «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል ግን ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ተመልሶ ይወርዳል። በመጨረሻ እንዲሁ ከንፈሬን አነቃንቄ ወጣሁ።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ አሰላ። ያኔ ከትዳሬ ወጥቼ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። እናቴ ሞታለች፤ በቤቱ የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ። መንገድ ዳር ባለችው ክፍል የልብስ ስፌት መኪናዬን ተክዬ የሰፈሩን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ያረጀ ኮት እገለብጣለሁ፣ ሰልባጅ ልብስ አጠብባለሁ። አባቴ ሰባን አልፈዋል። ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ሰፊ መሬት ነበራቸው፤ በአዋጅ ተወሰደ። ስለ መሬቱ አልሟገትም። ጎተራችንን ይሞላ የነበረው የማን ላብ እንደሆነ በልጅነቴ በዓይኔ አይቻለሁ። ከተማ ውስጥ የነበራቸው የእህል መጋዘንም ተወርሶ የቀበሌው አዳራሽ ሆነ። እሁድ እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለውይይት ክበብ የምንሰበሰበው እዚያ ነበር። አባቴ በገዛ መጋዘናቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስለ ባላባቶች ክፋት ይማራሉ። ትንሽ ይማሩና ደግሞ ያንቀላፋሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያድርጉ?

ለሚያንቀላፋ ሰው መድኃኒት ነበር። ሊቀመንበሩ ከመሾሙ በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የከብት እርባታ ውስጥ ከብት ጫኝ ነበር። ሲሾም አንድ ነገር ከዚያ ይዞ መጣ። ክንድ የምታህል ቢጫ ዱላ፣ ሆዷ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ የተደረደረባት፣ ጫፏ ላይ ኤሌክትሪክ የሚተፉ ሁለት የነሐስ ጥርስ ያላት። አልጫንም ያለ ወይፈን ቂጡን ስትነካው ዘሎ መኪና ላይ ይወጣል። ሰፈሩ «ጊንጧ» ይላት ነበር። ስብሰባ ላይ ዓይኑን የከደነ ሰው በጊንጧ ይነደፋል።

ስብሰባው ሲከፈት ሁልጊዜ የማይቀር ነገር ነበረ። መፈክር ይባላል፣ ቡጢ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ፊት ይቆምና ጊንጧን የገዛ ጭኑ ላይ ይተክላታል። ጠጠጠጠ ትላለች። እሱ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም። «አያችሁ ጓዶች፣ የነቃ ሰው አይነደፍም» ይለናል። እኛም አፋችንን ከፍተን እናያለን። አጥንቱ ከምን ቢሠራ ነው እየተባለ በየቤቱ ይወራ ነበር። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ የዋዛ አይደለምና ክረምት ከበጋ ከጉልበቱ በታች የሚደርስ የወታደር ካፖርት ይለብስ ነበር። ያንን ካፖርት ሁላችንም እናየዋለን፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

አባቴን የነደፋቸው ዕለት ከጎናቸው ነበርኩ። ስንሄድ ዝናብ መትቶን ጋቢያቸው ረጥቦ ስለነበር አውልቀው በሩ አጠገብ ሰቅለውታል። እጀ ጠባባቸውም ጎናቸው ላይ ተለጥፏል። ንግግሩ ረዘመ፣ አባቴ አንቀላፉ። ልቀሰቅሳቸው ክንዴን ሳዘጋጅ ሊቀመንበሩ ከኋላ በኩል ደርሶ፣ «አንተ፣ ለማን ነው የምናስተምረው?» ብሎ ጎናቸው ላይ ተከላት። በሕይወቴ አባቴ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከወንበሩ ወደ መሬት ወረዱ። እንደ ምንም ተደግፈው ሲነሱ ነጩ ሱሪያቸው ከብልታቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቦ ነበር፤ ይሄኛው ደግሞ የዝናብ አይደለም። አዳራሹ ሳቀ። የፈራ ሰው የሚስቀውን ዓይነት ሳቅ ነው፣ ቢሆንም ሳቅ ነው። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ስብሰባው እስኪያልቅ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ አባቴ እንደዚያው ሆነው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሌላ ሰው ሆኑ። እድር ቀሩ፣ ማኅበር ቀሩ፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ መሞቅ ተዉ። ከስብሰባ መቅረት ግን አይቻልም፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፣ የቀድሞ ባለርስት ደግሞ ስሙ ድሮም ተይዟል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ውሃ አይቀምሱም። ሻይ ሳቀርብላቸው ወደ ጎን ይገፉታል። እሁድ ጠዋት ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ እየተጣበቀ ወደ ስብሰባ ይሄዳሉ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩባቸው፣ አልሰማ አሉ።

አንድ ቅዳሜ ኩባያውን አፋቸው ድረስ ብወስድባቸው እጄን ያዙኝና፣ «ልጄ፣ ያ ሰው በየሳምንቱ እየቻለው እኔ አንድ ቀን አልቻልኩትም። ወንድነቴ አልቋል፣ ተዪኝ» አሉኝ።

ስለ ነደፋቸው ብቻ ቢሆን ምናልባት እንደ ሌላው ጎረቤት ጥርሴን ነክሼ እኖር ነበር። አባቴን ከሱ አንሰው ራሳቸውን እንዲያዩ ማድረጉ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ያን ቀን ማልኩ። አባቴ እያዩ፣ ያ አዳራሽ እያየ፣ ያንን ሰው መሬት ሳላወርደው አልሞትም ብዬ ማልኩ።

ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ላይ ንግግሩን ትቼ ልብስ ማየት ጀመርኩ። ሥራዬ አይደል? ማን ሲነደፍ ይዘላል፣ ማን አይዘልም። ከጎናችን የሚኖሩ አንዲት ጴንጤ ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው ሲጸልዩ ተኝተሻል ተብለው ተነደፉ፤ ስስ የናይለን ቀሚስ ነበር የለበሱት፣ ከወንበሩ አንድ ክንድ ተነሱ። በሌላ ሳምንት ከበቆጂ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ አዛውንት አብረዋት ተሰበሰቡ። ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አጥፈው ደርበው ነበር፤ የበቆጂን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንቀላፉ። ሊቀመንበሩ ትከሻቸው ላይ ተከላት። ጠጠጠጠ አለች። አዛውንቱ ቀስ ብለው ዞሩና «ማል ፌታ?» አሉት፤ ምን ፈለግህ ማለታቸው ነው። ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። ሊቀመንበሩ «ይኸው፣ ጭቁኑ ገበሬ የነቃ ነው» ብሎ አለፈ። እኔ ግን የማየው አዛውንቱን ሳይሆን ብርድ ልብሱን ነበር።

እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጥበቃ ጊንጧን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ሊቀመንበሩ እንደ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሊያንጠለጥላት ፈልጎ የሸራ ማኅደር አዟል። ልኳን እንድወስድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኔ ዘንድ ትቆያለች። ጥበቃው ሲወጣ በሩን ዘግቼ አማተብኩ።

መጀመሪያ ባዶ ጭኔ ላይ ነካኋት። አባቴ የቀመሱትን ልቅመሰው ብዬ ነው። የጋለ ምስማር የገባብኝ መሰለኝ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ስስ ቴትሮን ጨርቅ ጭኔ ላይ ወጥሬ ሞከርኩ፤ ምንም እንዳልለበሰ ሰው ነው ያንገበገበችኝ። ያንኑ ቴትሮን ላላ አድርጌ ከሰውነቴ ጣት ያህል ባርቀው ደግሞ ድምፁ ብቻ ሆነ። አቡጀዲ ውሃ ነክሬ ለጠፍኩና ሞከርኩ፤ ጩኸቴን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። ደረቅ ጋቢ አራት እጥፍ አድርጌ ብጫናት ምንም። ለካ ነገሩ የወንድነት አይደለም። የቀጠነ፣ የጠበበና የረጠበ ይጎዳል፤ የወፈረ፣ የላላና የደረቀ ያድናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት የሊቀመንበሩን ካፖርት ጠግኜለት ስለነበር የተረፈው ቁራጭ ከቅዳጅ ከረጢቴ አልጠፋም ነበር። ከላይ እንደ ኮርቻ ግላስ የወፈረ ሱፍ፣ ከውስጥ የብርድ ልብስ ገበር። ጭኔ ላይ አነጠፍኩና ጊንጧን ተከልኳት። ጠጠጠጠ አለች። ጨርሶ አልተሰማኝም።

ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ ሰውየው እያታለለን አልነበረም። ያንን ካፖርት ከብት ሲጭን ጀምሮ ከላዩ አውልቆት አያውቅም። ያለ ካፖርቱ አንድ ቀን እንኳ ጊንጧን አልቀመሳትም። ጀግና ነኝ ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። የሱ ማመን ነው አባቴን በቁማቸው የገደለብኝ።

ቤት ውስጥ ያልሞከርኩት አንድ ጨርቅ ብቻ ቀረ። አያቴ ሲሾሙ የተሸለሙት ካባ። ጥቁር ከፋይ ነው፣ ደረቱና ዙሪያው በወርቀ ዘቦ ጥቅጥቅ ብሎ የተጠለፈ። እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ የተገኘበት ሰው በዚያን ጊዜ የሚጠብቀውን የሚያውቅ ያውቃል። አባቴ ፍራሻቸው ውስጥ ሰፍተው ደብቀውት ነበር፤ የሰፋሁላቸውም እኔ ነኝ። ፍራሹን ተርትሬ አወጣሁት። ጥልፉን ወደ ላይ አዙሬ ጭኔ ላይ አድርጌ ስጭናት ብልጭታው በወርቁ ክር ላይ ሲሮጥ ታየ፣ ጭኔ ግን ምንም አልተሰማው። ክሩ ብረት ነዋ። እሳቷ ካንዱ ጥርስ ትወጣለች፣ በክሩ ላይ ዞራ ወደ ሌላው ጥርስ ትመለሳለች። ሰው ዘንድ የምትደርስበት ጉዳይ የላትም።

ማኅደሩን ሰፍቼ ጊንጧን በሰዓቷ መለስኩ። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጭኔ ላይ ያለውን ቀይ ነጠብጣብ ሁሉ በአፌ ቆጠርኩላቸው። ካፖርቱ ነው አባባ፣ እሱ አይደለም አልኳቸው። አልተቀበሉኝም። «አታጽናኚኝ። ወንድን ወንድ የሚያደርገው ጨርቅ ነው እንዴ?» አሉ። እሺ፣ ቢያንስ ካባውን ልቁረጠውና ለኮትዎ ገበር ላድርገው ብዬ ለመንኩ። ካባውን ተቀብለው ብዙ ደባበሱት። ሲሞቱ አብሯቸው እንዲቀበር ነበር ሐሳባቸው። በመጨረሻ የውሃው ጥም አሸነፋቸው መሰለኝ እሺ አሉ፤ ግን ወርቁ ወደ ገላቸው እንዲዞር፣ በሌላ ጨርቅም እንዳይሸፈን አሉ። ሰው ፊት ኮትዎን እንዳይከፍቱ ብዬ አስማልኳቸው። ቆረጥኩት።

ኮቱን በለበሱ በሁለተኛው እሁድ አንቀላፉና ሊቀመንበሩ ጀርባቸው ላይ ተከላት። ተንጣጣች። አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው ምን አልክ እንደሚል ሰው ዝም ብለው አዩት። ሊቀመንበሩ ጊንጧን አገላብጦ አየና ባትሪው ደክሟል አለ፤ ጥበቃውን ጠርቶ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከእርባታው እንዲያመጣ አዘዘው። እሰይ አልኩ በሆዴ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስንመለስ ግን አባቴ፣ «እኔን ያዳነኝ የአባቴ ወርቅ ነው። እሱ ያለ ወርቅ ነው የሚችለው» አሉኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ውሃ አልጠጡም።

ስለዚህ ሊቀመንበሩን ማልበስ ነበረብኝ፤ ካፖርቱን ለማስወለቅ ሌላ መንገድ አልነበረም።

የአብዮት በዓል ተቃርቧል። ለበዓሉ መዳረሻ ስብሰባ ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣል ተብሎ ከተማው ተጠርጓል፣ የድንጋይ አጥሩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ሊቀመንበሩ ካፖርቱን ይዞ መጣ፤ ቁልፉን እንዳጠብቅለትና እንድተኩስለት። ካፖርቱን ተቀብዬ ፊቴን አጨማደድኩ። እኔ ሴትዮዋ፣ ያቺ ለሰው ግንባሯን የማትፈታዋ፣ ያን ቀን ማር ሆንኩለት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የዘበኛ ነው። ትልልቆቹ አሁን የሚለብሱት ሳፋሪ ነው። እንግዳው ራሱ ሳፋሪ ለብሶ እርስዎ በዚህ ሊቀበሉት ነው?» አልኩት። መስታወት ፊት ቆመ። ደረቱን ነፋ። ብርዱስ አለኝ። የነቃ ሰው ብርድ ይፈራል እንዴ ብዬ በአብዮታዊ ቋንቋ መለስኩለት፤ ደስ አለው።

ጨርቁን ከመንግሥት ሱቅ እሱ ነው ያስወጣው፣ ቀለሙን ግን እኔ መረጥኩ። ጥቁሩ ያሳንስዎታል፣ ቡናማው ያስረጅዎታል አልኩና ነጣ ያለውን ግራጫ አስያዝኩት፤ ጠብታ ውሃ ቢነካው ከሩቅ የሚያሳብቅ ቀለም። ስስ ቴትሮን ነው። ሱሪውን ጭኑ ላይ ጠበብ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ሲቀመጥ እስኪወጠር። ሊለካ ሲመጣ ትንሽ አልጠበበም ወይ አለኝ፤ ፋሽኑ ነው አልኩት። ለገበር የሰጠኝን ጨርቅ አጣጥፌ መለስኩለት፣ ሳፋሪ ገበር የለውም ብዬ። ውሸት አልነገርኩትም እኮ። እየሰፋሁ እያንዳንዷ ስፌት ላይ አባቴን አስታውስ ነበር፤ እንዲያ ንጹሕ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሠርቼ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ካፊያ ነበር። አባቴ ውስጡ ወርቅ የለበሰ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከንፈራቸው እንደ ልማዱ ደርቆ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎች ለእንግዳው እንዲታዩ ፊት ይሁኑ ተብሎ ነበር። ሊቀመንበሩ ከእንግዳው ጋር ቢራ ሲጎነጭ አርፍዶ መጣ። ሳፋሪውን ለብሷል። ትከሻውና ጭኑ በካፊያው ረጠብጠብ ብሏል። ብርዱ ከንፈሩን አጥቁሮታል፣ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የሚራመደው። የሱሪውን መስመር አየሁት፣ ቀጥ ብሏል።

መፈክር ተባለ። ቡጢ ወጣ። ሊቀመንበሩ ከወገቡ፣ እኔ ከሰፋሁት ማኅደር ጊንጧን መዘዘ። የባትሪ ድንጋዮቿ አዲስ ናቸው። ለእንግዳው ዞሮ ስለ ንቃት ሁለት ሦስት ቃል ተናገረና እግሩን ገፋ አድርጎ እንደ ልማዱ ጭኑ ላይ ተከላት። የአባቴን ክንድ ያዝኩ። «ይዩ አባባ» አልኳቸው በጆሯቸው።

የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። እግሩ ብቻውን ወደ ላይ ተወረወረ፣ ጊንጧ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። ሲሚንቶው ላይ በቂጡ አረፈ። የጠዋቱ ቢራ ደግሞ ቀለሙን ፈልጎ አገኘው፤ ከጭኑ ተነስቶ እስከ ጉልበቱ ጠቆረ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ እኚያ ጴንጤ ጎረቤታችን ነበሩ፣ በኋላ ንስሐ ገባሁበት ብለውኛል። ከሳቸው ተቀብሎ ሁሉም ሳቀ። ጥበቃዎቹ ሳቁ። እንግዳው ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ የሌለ ነገር ማንበብ ጀመረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስንት ዓመት አልፎት ዛሬም ሳስበው ይጠጣል፣ አልደብቅም።

ወደ አባቴ ዞርኩ። ሲስቁ ማየት ነበር የፈለግሁት። አልሳቁም። ተነሱ። ሊቀመንበሩ እንደዚያው ወለል ላይ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሊሸፍን እየሞከረ፣ የሚያነሳው ሰው አጥቶ ተቀምጧል። አባቴ ሄደው አጠገቡ ቆሙ። ከዚያ ኮታቸውን መፍታት ጀመሩ። ከላይ ያለውን ቁልፍ ፈቱ፣ ሁለተኛውን ፈቱ። ኮቱን ሲያወልቁት ወርቁ ቦግ አለ፤ ፊት የነበርን ሁላችን አየነው፤ እንግዳው ብቻ ከወረቀቱ ቀና አላለም። ጎንበስ ብለው ወርቁን ወደ ውስጥ አድርገው የሊቀመንበሩ ጭን ላይ ጣሉለት።

«ተነስ ልጄ፣ በሰው ላይ የሚደርስ ነው» አሉት።

ሊቀመንበሩ የኮቱን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ከውስጥ ያለውን አየ። አባቴን አየ። መልሶ ሸፈነው። ኮቱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በጓሮ በር ወጣ፣ ስብሰባውም በዚያው ተበተነ።

ቤት ስንገባ አበድኩ። ለአባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ጮህኩባቸው። ያንን ጨርቅ ስመርጥ፣ ስቆርጥ፣ ጭኔን ሳቃጥል፣ ያ ሰው ሲዋረድ ያዩልኛል ብዬ ነበር እኮ። እንዴት ይሸፍኑታል? ደግሞ በምን፣ በካባው! ዛሬ ማታ መጥተው ቢወስዱዎትስ? ደግሞስ እኮ፣ እርስዎ ያን ቀን ሲረጥቡ ማን ሸፈነዎት አልኳቸው።

አባቴ በእጀ ጠባባቸው ብቻ እየተንቀጠቀጡ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ማንም» አሉ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠበቅሁት የሚሸፍነኝ ሰው ነበር። አንቺ እንኳ ነጠላ ነበረሽ።»

በቁጣ አልነበረም ያሉት። ወጥቼ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጥኩና እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ምንም ሳልሰፋ ቆየሁ። ስንት ወር ሙሉ የሊቀመንበሩን ኃጢአት ስቆጥር የራሴን ዘልዬ ነበር። አንድ እጅ ማንሳት ነበር የተፈለገው፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ እስከ ጉልበታቸው።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ፣ ያንኑ የድሮ ካፖርቱን ለብሶ። ኮቱ ታጥቧል፣ ወርቁ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ተቀመጥ አላልኩትም። ለአባቴ ሰጣቸውና ኮትዎን ረስተው ነበር አላቸው። አባቴ እግዜር ይስጥልኝ አሉት። ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ሊወጣ ሲል ወደኔ ዞሮ ሳፋሪውን ላምጣልሽና ላላ ታደርጊዋለሽ ወይ አለኝ። የሚያውቅ ይመስለኛል። ነገሩ ሲበርድ አምጣው አልኩትና በሩን ዘጋሁበት። ስለ ካባው ለማንም አልተናገረም። ጊንጧም ከዚያ ወዲያ ከማኅደሯ ወጥታ አልታየችም። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልማርኩትም። እሱ ዝም ያለው ደግነት ይዞት ይሁን ካባውን ታጥቆ የወጣው ራሱ ስለሆነ ፈርቶ ይሁን በምን አውቃለሁ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ለአባቴ ሻይ አቀረብኩ። ጠጡ። ድገሚኝ አሉ። እሁድ ጠዋት ኮቱን ሰቅለው ትተውት፣ በስስ እጀ ጠባባቸው ብቻ ወደ ስብሰባ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ይናገራል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አባቴ ተኙ፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ ሰው እየሰማ አንኮራፉ። ማንም አልነካቸውም። ነጠላዬን አውልቄ ጉልበታቸው ላይ ጣልኩላቸው። ከዚያ ፊቴን አዙሬ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ፣ ሊቀመንበሩን ዓይን ዓይኑን እያየሁት ተቀመጥኩ።